የሮሃ ምርጡ ድምፃዊ ማን ነው?

እስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ቤት የሙዚቃ ጨዋታ ሲነሳ ሁለት ወገን ይፈጠራል። ታላላቆቹ «ከሮሃ ባንድ ወዲያ ላሳር!» ይላሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ደግሞ በእስራኤላዊው የሙዚቃ ቡድን በኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት ይከራከራሉ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፤ የትኛው አልበም ይበልጣል? የትኛውስ ድምፃዊ? ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያመጡልኝ፣ ከመልሱ በፊት መታወቅ ያለበትን አስቀድሜ ላብራራ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ የማን ነው?

በሮክ ሙዚቃ ዓለም ዘፋኙ የባንዱ አባል ነው። ብላክ ሳባዝ በ1979 ኦዚ ኦዝቦርንን አሰናብቶ ሮኒ ጄምስ ዲዮን ተካ፤ በ1980 ከዲዮ ጋር «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተባለውን አልበም ሲያወጣ አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እዚያ «ኦዚ ወይስ ዲዮ?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ተተካክተዋልና።

ሮሃ የተጫወተበት የአዲስ አበባ አሠራር ግን ሌላ ነበር። ባንዱ የሙዚቀኞቹ ነበር። ድምፃዊው መጥቶ ካሴቱን ይሠራና ሲጨርስ ሌላው ይቀጥል ነበር። ማንም ማንንም አላባረረም፣ ማንም የማንንም ቦታ አልወሰደም። ካሴቱ የሚጠራው በድምፃዊው ስም ስለነበር የሙዚቀኞቹን ስም ሳናውቅ ጣታቸውን ብቻ ለዓመታት ሰምተናል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከአይቤክስ እስከ ሮሃ

ሮሃ ከመባሉ በፊት ባንዱ አይቤክስ ይባል ነበር። ከዋልያስ ባንድ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ዋልያስ የእነ ኃይሉ መርጊያ ነው፤ በሂልተን ይጫወት የነበረውና በ1977 «ቸበለው» የተባለውን ሸክላ ያወጣው። የአይቤክስ ምሰሶዎች ግን ቤዝ ጊታሪስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ነበሩ፤ መድረካቸውም ራስ ሆቴል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል ሆቴል የገባ ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም አብሮት ይጫወታል። ማታ ማታ ለረጅም ሰዓት አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ትንፋሻቸው አንድ ይሆናል። የአይቤክስን ቅጂዎች ስሰማ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም አይደናቀፍም።

ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የወጣው ማህሙድ አህመድ ከእነሱ ጋር «እረ መላ መላ»ን በ1975 ቀዳ። በ1986 የብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ ይህንኑ ሥራ ለአውሮፓ አድማጭ ሲያሳትም፣ ከኢትዮጵያ ውጪ ያሉ ብዙዎች የአማርኛ ዘመናዊ ሙዚቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ዘፈኑን አንድ ጊዜ ማህሙድን ትታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉት። ያው አጭር ሐረግ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ሳክስፎኖቹ ከላይ ይመልሱለታል። ማህሙድ ድምፁን የሚያርገበግበው፣ የሚያዘገየውና የሚለቀው ከሥሩ የማይነቃነቅ መሬት ስላለ ነው። ያ መሬት ባይኖር ያ ነፃነት አይኖርም።

ስሙ ሮሃ ከሆነ በኋላ የሰማንያዎቹ ካሴቶች ጎረፉ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ንዋይ ደበበ ሁሉም በዚህ ባንድ ታጅበዋል።

እንዴት ይወዳደራል?

አንዱን አጽንታችሁ ሌላውን ለውጡ። መጀመሪያ ባንዱን አጽኑ፤ ጥላሁንና ንዋይ ከሮሃ ጋር የሠሩትን ተራ በተራ ስሙ። ጥላሁን ገና አፉን ሲከፍት ቤቱን ይሞላዋል፤ አጃቢው ወደ ኋላ ብሎ ይጠብቀዋል። የንዋይ ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ በአጃቢው መሀል እየተሽሎከሎከ ያልፋል። ሙዚቀኞቹ ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይጫወቱም። እዚህ ላይ የምትሰሙት የባንዱን ብልኅነት ነው።

ቀጥሎ ድምፃዊውን አጽኑ። ለዚህ ከአስቴር አወቀ የተሻለ ምሳሌ የለም። ወደ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የሠራቻቸውን ካሴቶች፣ በ1989 ለንደን ውስጥ ትሪፕል ኧርዝ ካሳተመላት «አስቴር» ከተባለው አልበም ጋር አወዳድሩ። ድምፁ የእሷው ነው። ዙሪያው ግን ተለውጧል፤ ቅጂው የጠራ ነው፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ የሌላ አገር ጃዝ ይሸታሉ። የአሜሪካና የአውሮፓ አድማጭ አስቴርን ያወቃት በዚህኛው ነው። እኔ የአዲስ አበባዎቹን እመርጣለሁ፤ የችክችካው ምት እዚያ ይበልጥ ይከብዳል።

የልጆቹ ክርክር

የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት አሠራር ከሮክ ባንድ ይልቅ ለሮሃ መቅረቡን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይገረማሉ። ኢዳን ኪቦርዱ ላይ ይቀመጣል፤ ድምፃውያኑ ይለዋወጣሉ። ወጣት ሳለ በአዳሪ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ልጆች መካሪ ነበር፤ የአማርኛ ዘፈኖችን የሰማው ከእነሱ ነው። የመጀመሪያው አልበም በ2002፣ «ሚማዓማኪም» በ2005፣ «ቤን ኪሮት ቤቲ» በ2008 ወጡ።

ከድምፃውያኑ ካብራ ካሳይ ወላጆቿ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ የተወለደች ናት። የአሽዶድ እናቶች እሷን ሲሰሙ ዝም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ያን መንገድ የሚያውቁት አሉና። አቪ ዋሴም የራሱ ወገን አለው። በ2008ቱ አልበም በሩ ለኬፕ ቨርዷ ማይራ አንድራዴና ለኮሎምቢያዋ ማርታ ጎሜዝ ስለተከፈተ፣ አማርኛ ፈልጎ የመጣ ሰው የፊተኞቹ ሁለት ላይ ቢቆይ ይሻለዋል። ከሁለቱ እኔ የ2005ቱን አስቀድማለሁ።

የእኔ መልስ

ከአልበም «እረ መላ መላ»፣ ከድምፃዊም ማህሙድ። ጥላሁን በድምፅ ኃይል እንደሚበልጠው አልክድም፤ ጥላሁን ግን ከየትኛውም ኦርኬስትራ ጋር ጥላሁን ነው። ማህሙድ ከጆቫኒ ቤዝ ጋር ሲሆን ከሌላው ጋር ያላገኘሁትን ነገር ያደርጋል፤ ሐረጉን ትንሽ ዘግይቶ ይጀምርና ቤዙ ሲመለስ እኩል ይደርሳል። የጥላሁን ወገን ነኝ የሚል ይህን ከሮሃ ካሴቶቹ በአንዱ ውስጥ ያሳየኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።