ምዕራፍ 7፦ አፍንጫችን የማይነግረን

ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ ቀጭን የብርሃን ዘንግ ወደ ቤት ይገባል። በዘንጉ ውስጥ ብናኝ ይተራመሳል። ልጆች ሆነን በመዳፋችን ልንይዘው እንሞክር ነበር። ፀሐይዋ ዞር ስትል ዘንጉ ይጠፋል፣ ብናኙም አብሮ የጠፋ ይመስለናል። ብናኙ ግን የትም አልሄደም፤ ስንተነፍሰው እንውላለን።

የዚህ ምዕራፍ ትምህርት ከዚያች የሚስማር ቀዳዳ ይጀምራል። አባቶቻችን «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ። ዓይን ያላየውን ታዲያ ልብ በምን ይፍረድ? ዛሬ በኪስ የሚያዝ፣ በረንዳ ላይ የሚሰቀል የአየር ሴንሰር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ መጥቷል። መሣሪያውን ማግኘት ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ዋናው ሥራ ያሳየንን ቁጥር ማንበብና በእሱ ተመርቶ ሰዓትን፣ መንገድንና መስኮትን መምረጥ ነው።

ከፀጉር በ30 እጅ የሚቀጥን

በከተማ አየር ውስጥ ለጤና ይበልጥ የሚያሰጋው ብናኝ ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት ነው። ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች ነው፤ የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት የዚህን 30 እጥፍ ያህላል። ከመኪና ጭስ፣ ከከሰልና ከማገዶ፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ ይወጣል። ትልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዞ በማስነጠስና በሳል ይወጣል። ይህ ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። ጉዳቱ በሳልና በአስም ብቻ የማያበቃው ለዚህ ነው፤ የልብ በሽታና ስትሮክም ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በውጭና በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚሞት ይገምታል።

አፍንጫችንስ? አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ጎልቶ የሚሰማው ከውጭ ለገባው እንግዳ ነው፤ ምድጃው አጠገብ የቆመችው እናት ለምዳዋለች። በየቀኑ አስፋልት ዳር የሚውል ነጋዴም እንዲሁ ነው። ጭሱ አልቀነሰለትም፤ አፍንጫው ማስጠንቀቁን ተወ እንጂ።

ያልተነገራቸው እናት

ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል ልጅ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከተሰኘው የተጨናነቀ ጎዳና አጠገብ ትኖር ነበር። ከባድ አስም ነበረባት። በሦስት ዓመት ውስጥ 30 ጊዜ ገደማ ሆስፒታል ተኛች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በ9 ዓመቷ አረፈች። እናቷ ሮዛመንድ የልጃቸው አሟሟት እንደገና እንዲመረመር ለዓመታት ታገሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰኑ። በብሪታንያ የአየር ብክለት በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈላት የመጀመሪያዋ ሰው ኤላ ናት።

ከውሳኔው ውስጥ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። እናትየዋ ብክለቱ አስምን እንደሚያባብስ አልተነገራቸውም ነበር፤ ቢነገራቸው ኖሮ የልጃቸውን ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል እርምጃ ይወስዱ ነበር። እውቀት እንደ መድኃኒት በጊዜው መድረስ አለበት።

ሴንሰሩ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ቀዳዳዋ እንመለስ። በብዙዎቹ አነስተኛ ሴንሰሮች ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ጠባብ ክፍል ትስባለች። እዚያ በፀሐይ ፈንታ የሌዘር ጨረር አለ። ብናኝ ጨረሩን ሲያቋርጥ ብርሃኑ ይበታተናል፤ ብርሃን ተቀባይ ዓይን ብልጭታውን ይይዛል። መሣሪያው ከብልጭታዎቹ ብዛትና ጥንካሬ ተነሥቶ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ብናኝ እንዳለ ያሰላል። ውጤቱን በስልክ ኔትወርክ ወይም በዋይፋይ ወደ ስልክዎ ይልካል።

ይህ ዘዴ ድክመት አለው፤ ሊያውቁት ይገባል። ብናኝ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። በክረምት ጭጋግ ሲወርድ ሴንሰሩ ያበጠውን ብናኝ አይቶ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ አምራቾችና ተመራማሪዎች ትንሹን ሴንሰር ከትልቁና ከውዱ የመለኪያ ጣቢያ ጎን አስቀምጠው ያስተያዩታል፤ ልዩነቱንም በስሌት ያርሙታል። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት ፐርፕል ኤር የተባለው መሣሪያ ደግሞ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት የሌዘር ሴንሰር ይይዛል። ሁለቱ ምስክሮች ቃላቸው ካልገጠመ መሣሪያው ጽዳት ወይም ጥገና እንደሚፈልግ ይታወቃል።

ቁጥሩን ማንበብ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱ አማካይ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማስታወሻዎ ላይ ይጻፏቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አፖች የሚያሳዩት ማይክሮግራሙን ሳይሆን የአየር ጥራት መለኪያ ነጥብን ነው። በአሜሪካ ነጥብ አሰጣጥ 100 የሚባለው ከ35 ማይክሮግራም ጋር ይቀራረባል። ጎረቤትዎ «ዛሬ 100 ነው» ቢሉና የእርስዎ ሴንሰር 35 ቢያሳይ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን መለኪያ?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «የስንት ሰዓት አማካይ?» የሚል ነው። ከጎንዎ ቡና ሲቆላ ቁጥሩ ለደቂቃዎች ወደ ላይ ይዘላል፤ ያ የቀኑ መጠን አይደለም።

ሴንሰሩ የማያየው ገዳይ

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያንብቡ። የብናኝ ሴንሰር ካርቦን ሞኖክሳይድን አያይም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ የጠፋለት ከሰል ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀለምም ሽታም የሌለው ይህ ጋዝ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ይገድላል። ዝቅተኛ ቁጥር አይተው የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አያስገቡ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱን የቻለ የማስጠንቀቂያ ደወል አለ፤ ከሰል በሚነድበት ቤት ከብናኝ ሴንሰር በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ሰዓትና መንገድ መምረጥ

አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ደጋ ከተማ ናት። ፀጥ ባለ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፤ በላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ማለዳ የምድጃውና የመኪናው ጭስ ክዳኑ ሳይነሣ ይጨመርበታል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጭሱም ይበተናል። «የጠዋት አየር ንጹሕ ነው» ብለን በ1 ሰዓት መስኮት የምንከፍት፣ አስፋልት ዳር የምንሮጥ ሰዎች ልማዳችንን በቁጥር ልንፈትሽ የሚገባን ለዚህ ነው። ምናልባት በእርስዎ ሰፈር መስኮት የሚከፈትበት የተሻለ ሰዓት ረፋዱ 4 ሰዓት ይሆናል። ሴንሰሩ ይንገርዎ።

መንገድም እንዲሁ ይመረጣል። የመኪና ጭስ ከጎዳናው በራቅን ቁጥር ይሳሳል። ልጅዎን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢሄዱ የሚያጡት ጥቂት ደቂቃ ነው። የልጅ አፍንጫ ለመኪናው ጭስ ማውጫ ከእርስዎ ይልቅ ቅርብ መሆኑን ያስቡ።

የሰፈሩ ሴንሰር

«መግዣው ከየት ይመጣል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ሴንሰር ለአንድ ቤት ብቻ መሆን የለበትም። የኮንዶሚኒየም ብሎክ፣ እድር ወይም የወላጆች ኮሚቴ አዋጥቶ አንድ ቢገዛ ብዙ ቤት ይጠቅማል። በካምፓላ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመሩት ኤርኮ የተሰኘ ሥራ መንገዱን አሳይቷል። ለአካባቢው ሙቀትና አቧራ የተስማማ ሴንሰር ሠርተው በየሰፈሩ ሰቀሉ፤ ቦዳ ቦዳ በሚባሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌቶች ላይም ገጠሙ።

የራስ መለኪያ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ እኛም አይተናል። አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ለዓመታት በየሰዓቱ የሚወጣ የአየር ቁጥር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚሰበስበውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚጠጣ መንደር ምንጩ ሲደርቅ ይጠማል።

ቁጥር በእጅ ሲኖር ንግግርም ይቀየራል። «ጭስ በዛብን» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ ልጅ በሚያወርዱበት ሰዓት ቁጥሩ ይህን ያህል ይጨምራል» የሚል የሁለት ሳምንት መዝገብ ግን መልስ ይጠይቃል።

የሳምንቱ ተግባር

1. ሴንሰሩን በሚተነፍሱበት ከፍታ፣ ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይስቀሉ። ከምድጃ፣ ከጀበና ማፍያና ከእጣን ማጨሻ ያርቁት።
2. በደብተር ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ሰዓት፣ ቁጥር፣ በዚያ ሰዓት የነበረው ነገር፣ ምን ቀየርኩ።
3. ለ7 ቀን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ይመዝግቡ። ሲጋገር፣ ቡና ሲፈላና ቆሻሻ ሲቃጠል ለብቻው ይጻፉ።
4. በስምንተኛው ቀን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሰዓት ያክብቡ። ስፖርትዎን፣ መስኮት መክፈቻዎንና የልጅዎን መውጫ ወደ ዝቅተኛው ያስጠጉ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለ መዝገቡን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ መድኃኒት ግን በሴንሰር ቁጥር አይቀይሩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ አራተኛውን ዓምድ ይመልከቱ። ባዶ ከሆነ የገዙት የግድግዳ ጌጥ ነው። አንድ መስመር እንኳ ካለው፣ «ማንደጃውን ወደ በረንዳ አወጣሁት» ወይም «በውስጥ መንገድ ወሰድኳት» የሚል ካለበት፣ ሥራው ተጀምሯል፤ ሁለተኛውን ሳምንት ከዚያው ገጽ ይቀጥሉ።