ትምባሆ ልብንና የደም ሥርን እንዴት እንደሚጎዳ

ትምባሆን መጠጣት በአገራችን ምእመናን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተነቀፈ ልማድ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆ የሚጠጣውንና ሱረት የሚስበውን ሰው በብርቱ ይቀጡ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ዳሩ ግን ብዙ ሰው «ስለ ምን ተነቀፈ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፥ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ስለ ሆነ ነው የሚል ነው። ይህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር አርዮስ የሞተው በ336 ሲሆን፥ ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ወደ ሌላው ዓለም የተወሰደው ግን ከ1492 በኋላ ነው። ተማሪው ልጃችን ይህን በታሪክ መጽሐፍ ያገኘ ዕለት ተረቱን ሲንቅ ክልከላውንም አብሮ ይንቃልና፥ እውነተኛውን ምክንያት ልናስተምረው ይገባል። ይኸውም ቅዱስ ጳውሎስ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ብሎ በጠራው ሥጋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ትምባሆ ሳንባን እንደሚጎዳ የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ ልብን እንደሚጎዳ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ልብ መጠኑ የሰው ጭብጥ የሚያህል ሆኖ ሳለ በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል እየመታ ደምን ወደ መላው አካል ይልካል። ጢሱ ወደ ሳንባ በገባ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ኒኮቲን የተባለው መርዝ ከደም ጋር ይቀላቀልና የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደም ሥርን ያጠባል፥ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ደግሞ ከቀይ ደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን 200 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይነጥቃል። እንግዲህ ልብ ብዙ እንዲሠራ እየተገደደ ስንቁ ይቀነስበታል፤ ሸክሙን ጨምረው ገብሱን የቀነሱበትን በቅሎ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በደም ሥር ውስጥ የሚሆነው ነው። የደም ሥር በውስጡ ስስና ለስላሳ ሽፋን አለው። ጢሱ ይህን ሽፋን ያቈስለዋል፤ በቈሰለውም ስፍራ ስብ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ደሙም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የቀረበ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ያለ ሕመም ይፈጸማል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ይህ በልብ ሥር የሆነ እንደ ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፥ በአንጎል የሆነ እንደ ሆነ ሽባነት ወይም ሞት ይመጣል። የእግሩ ሥር ተዘግቶ እግሩ እስከ መቈረጥ የሚደርስም አለ።

በንስሐ ጊዜ ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ «አባቴ፥ ቀንሻለሁ፤ አሁን በቀን አንዲት ብቻ ነው» የሚል። መቀነሱ መልካም ጅማሬ ነው፤ ነገር ግን የልብ ሒሳብ እንዲህ አይደለም። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 የታተመ ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ በቀን 20 ሲጋራ ማጤስ በልብ ላይ ከሚጨምረው አደጋ ግማሽ ያህሉን በቀን አንድ የሚያጤሰውም ይሸከመዋል። ከሃያው እጅ አንዱን ብቻ የተሸከመ የሚመስለው ሰው ተታልሏል፤ የደም ሥር ሽፋን በጥቂት ጢስም ይጎዳልና። ራሷ ሳታጤስ ከሚያጤስ ባል ጋር የምትኖር ሚስትና ልጆቿም ከዚህ ጉዳት የማያመልጡት ስለዚሁ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጤስን የከለከለው በከንቱ አይደለም።

«ካህኑስ ዕጣን ያጤስ የለምን?» የሚሉ አሉ። ዕጣን ኒኮቲን የለበትም፤ ማንም ወደ ሳንባው ብሎ አይስበውም። ቢሆንም ጢስ ሁሉ ጢስ ነውና፥ ጠባብ በሆነ ቤተ ክርስቲያን መስኮቱ ቢከፈት እንወዳለን።

ፈጽሞ የተወ ሰው ተስፋው ቅርብ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከደሙ ይወጣል፤ አንድ ዓመት ሲሞላውም ከማጤስ የተነሣ የነበረበት የልብ ሕመም አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የንስሐ አባቶች «ቀንስ» ብለው ከማሰናበት ይልቅ የሚተውበትን ቀን ከልጃቸው ጋር ቢወስኑ፥ ለምሳሌ የዐቢይ ጾምን መግቢያ፥ የበለጠ ይጠቅማል። ኒኮቲን ሰውን ባሪያ የሚያደርግ ስለ ሆነ ቢወድቅ ሳያሳፍሩ ደግሞ ያስጀምሩት። ደረቱን ጭንቅ አድርጎ የያዘው፥ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የወጣ፥ ላብም ያጠመቀው ሰው ሲያጋጥማቸው ግን ጸበሉ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላኩት። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪሙን የእግዚአብሔር ፍጥረት ብሎ እንድናከብረው አዝዞናልና፥ ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይደረሳል።