በክረምት ወደ ጉለሌ ዳገት

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ መጥቼ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ከገባሁ ወር አልሞላኝም። በእግር መንሸራሸር እወድ ነበር፤ ክረምቱ ግን ቤት ዘግቶብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጠነክር ጠዋት ይውጡ። ጎህ ሳይቀድ ግን አይሞክሩት፤ የእንጦጦ ጥግ ጅብ አያጣም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብዎ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ እርስዎ ያሉበት ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጥርዎ አይደንግጡ። እዚያ የሚያዩት ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። ወደ ሀገር በቀሉ ጽድ ይጠጉና ቅርንጫፉ ላይ እንደ ክር የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ይፈልጉ፤ ካፊያው በየክሩ ጫፍ ጠብታ ያንጠለጥልበታል። አደይ አበባን እስከ መስከረም ይታገሡ። ከጃንጥላ ይልቅ (ነፋሱ ይገለብጠዋል) ቦቲ ጫማ ይግዙ። ወንዝ ከሞላ አይሻገሩ።