ነጋዴና በራሱ መተማመን

በእጅ ያለውን በእጅ ከሌለው ስለ መለየት የቀረበ ትምህርት

ንግድ ገንዘብ፤ ዕቃና ደንበኛ እንደሚያሻው ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ሦስቱም እያሉት ሱቁን የዘጋ፤ በጥቂት ዕቃ ጀምሮም ሥራውን ያሰፋ ነጋዴ በየከተማው ይታያል። ስለዚህ ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አራተኛ ነገር መኖሩ ግልጽ ነው፤ እርሱም ነጋዴው ስለ ራሱና ስለ ሥራው ያለው አስተሳሰብ ነው። ይህ አስተሳሰብ በሚዛን አይመዘንም፤ በሜትርም አይለካም፤ ሆኖም የሚያስገኘው ትርፍና የሚያደርሰው ኪሳራ በዓመቱ መጨረሻ በሂሳብ መዝገብ ላይ ይነበባል።

አንድ ነጋዴ ሲከስር ጎረቤቱ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላል፤ ሲያተርፍም «ቀን ወጣለት» ይላል። ይህ አነጋገር ያዘነውን ለማጽናናት ይጠቅም ይሆናል። የንግድ ደንብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ይጐዳል፤ ኪሳራዬ ከዕድል መጣ ብሎ ያመነ ሰው የኪሳራውን ምክንያት አይፈልግምና፤ ምክንያቱን ያልፈለገም በሚመጣው ዓመት ከዚያው ኪሳራ ጋር እንደ ገና ይገናኛል። ትርፉም ከዕድል የመጣ የሚመስለው ነጋዴ ያተረፈበትን ዘዴ ስለማያውቀው ሊደግመው አይችልም።

በራስ መተማመን ማለት ትዕቢት ወይም ጉራ አይደለም፤ ክፉ ነገር አይደርስብኝም ብሎ ማሰብም አይደለም። በራስ መተማመን ማለት በእጅ ካለው ነገር ጥቂቱ ቢለወጥ ውጤቱ እንደሚለወጥ ማመንና ያንን ጥቂት ነገር ዛሬ መሥራት ነው። ሥራ የሌለበት እምነት ምኞት ነው፤ እምነት የሌለበት ሥራም በመጀመሪያው መሰናክል ይቋረጣል።

የባሶ ነጋዴዎች ምሳሌ

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለማግኘት የጎጃም ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፤ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት እጅግ የታወቀ ነበረ። ከዓባይ ማዶ ከነእናርያ ቡና፤ ወርቅ፤ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣበት ነበረ፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና በምፅዋ በኩል የገባ ዕቃ ይደርስበት ነበረ። ባሪያም ይሸጥበት ስለ ነበረ በሁሉ ረገድ የሚመሰገን ገበያ አልነበረም፤ የሲራራ ነጋዴው ችግር ግን ለዛሬውም ነጋዴ ትምህርት ይሆናል።

ዓባይ በክረምት ሲሞላ መሻገሪያው ይዘጋል። የወንዙን ሙላት ሊያጐድል የሚችል ነጋዴ የለም፤ ይህ በእጁ አይደለም። ነገር ግን አጋሰሱን መቀለብ፤ ጭነቱን አስተካክሎ ማሰናዳት፤ የጉዞ ባልንጀራ መፈለግና ስንቅ ማዘጋጀት በእጁ ነው። ወንዙ በጐደለ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ክረምቱን በዝግጅት ያሳለፈው ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሰማዩን ሲያማርር የከረመው ግን ውሃው ከጐደለ በኋላም ገና ጭነት ይፈልጋል።

ዛሬ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ተከፈተ ዓባይ በራሱ ነጋዴን የሚያግድ አይደለም። የዛሬው ሙላት ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ነጋዴው ዕቃውን ከመርካቶ ለማድረስ ተቸግሯል። እንዲሁም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እነዚህን ነገሮች አንድ ባለ ሱቅ በአስተሳሰቡ ብርታት ሊመልሳቸው አይችልም። ጥያቄው ሙላቱ እስኪያልፍ ድረስ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

በጥናት የተገኘ ማስረጃ

የሰው አስተሳሰብ ሲለወጥ ኑሮው ይለወጣል የሚለው ቃል ለምክር ያህል ብቻ የሚነገር እንዳይመስል፤ በአገራችንና በውጭ አገር በጥናት ተፈትኗል።

በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010፤ ኢትዮጵያዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ64 መንደሮች አንድ ፈተና አካሄዱ። ለአንዳንዶቹ ገበሬዎች አጫጭር ፊልሞች አሳዩ፤ በፊልሞቹ የሚታዩት እንደ ተመልካቾቹ ካለ ድህነት ተነሥተው በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ለሌሎቹ ተራ የመዝናኛ ዝግጅት ታየላቸው። ገንዘብ የተሰጠው ማንም አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ በተጠየቁ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ለወደፊት የሚመኙት ነገር በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብም ጨምሮ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ሰው «እንደ እኔ ያለ ሰው ይችለዋል» ብሎ በዓይኑ ባየ ጊዜ እጁ ለሥራ ይዘረጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ነጋዴዎችን የሚመለከት ነው። በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ክፍል ተመደቡ። አንደኛው ክፍል የተለመደውን የንግድ ትምህርት፤ ማለት የሂሳብ አያያዝን፤ የገበያና የገንዘብ አስተዳደርን ተማረ። ሁለተኛው ክፍል ሳይታዘዙ በራስ አሳብ ሥራ ስለ መጀመር፤ አርቆ ስለ ማሰብና በመሰናክል ፊት ስለ መጽናት ተማረ። ሦስተኛው ክፍል ምንም አልተማረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው፤ ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር የሁለተኛው ክፍል ትርፍ በ30 በመቶ በለጠ፤ የአንደኛው ክፍል ብልጫ ግን 11 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ነበረ እንዲያው በአጋጣሚ ከሚገኝ ልዩነት ለይቶ ማረጋገጥ አልተቻለም።

ከዚህ የተነሣ የሂሳብ መዝገብ አይጠቅምም ማለት ስሕተት ነው። መዝገብ የሌለው ነጋዴ በእጁ ምን እንዳለ አያውቅም። ነገር ግን መዝገቡን የሚገልጥ እጅና ያየውን የሚሠራ ልብ ከሌለ መዝገብ ወረቀት ብቻ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚጀመር

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፤ በደብረ ማርቆስ ከተማ 80,000 ብር ካፒታል ያለው አንድ ባለ ሱቅ አለ እንበል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፤ የጅምላ ዋጋ ጨምሯል፤ መደርደሪያው እየሳሳ ሄዷል። ማታ ማታ «ቀኑ ጣለኝ» እያለ ያዝናል። ይህ ሰው ምን ያድርግ?

1ኛ፤ ሁለት ዓምድ ይጻፍ። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍሎ በአንድ በኩል በእጁ የሌለውን፤ በሌላው በኩል በእጁ ያለውን ይጻፍ። የጅምላ ዋጋ፤ የመንገድ መዘጋትና የግብር መጠን በመጀመሪያው ዓምድ ይገባሉ። ከዚያ ዕቃውን ይቁጠር፤ የዱቤ መዝገቡንም ይደምር። ሲደምር 26,000 ብር በ31 ሰዎች እጅ በዱቤ መቅረቱን፤ 14,000 ብር ደግሞ ከዓመት በላይ ባልተሸጠ ዕቃ ላይ መተኛቱን አገኘ እንበል። እንግዲህ ከካፒታሉ እኩሌታው፤ ይኸውም 40,000 ብር፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ይህም በሁለተኛው ዓምድ የሚገባ ነው። «ቀኑ ጣለኝ» ሲል የነበረው ሰው ችግሩ እኩሌታው ከሱቁ ውስጥ መሆኑን በዚያች ማታ ዐወቀ ማለት ነው።

2ኛ፤ መካከለኛ ግብ ይምረጥ። ዴቪድ ማክሌላንድ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ሰዎችን ቀለበት ወደ ተተከለ እንጨት እንዲወረውሩ እያደረጉ ይመለከቱ ነበር። አንዳንዱ እንዳይስት ከእንጨቱ አጠገብ ይቆማል፤ አንዳንዱ እጅግ ርቆ ይወረውርና ነገሩን ለዕድል ይተወዋል። ለሥራ ውጤት ብርቱ ፍላጎት ያለው ግን መካከለኛውን ርቀት ይመርጣል፤ ቢጥር የሚያገኘውን፤ ካልጣረ የሚስተውን ማለት ነው። እኚህ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በሕንድ አገር የካኪናዳ ከተማ ነጋዴዎችን ይህንኑ አስተሳሰብ አስተማሩ፤ የተማሩትም በሚከተሉት ዓመታት ካልተማሩት ይልቅ ብዙ ሰዓት ሲሠሩና አዲስ ሥራ ለመጀመር ሲነሡ ታዩ። ስለዚህ ባለ ሱቁ 31ዱንም ባለዕዳዎች በአንድ ሳምንት ልጠይቅ አይበል፤ «ሌላ ጊዜ» እያለም አንዱንም ሳይጠይቅ አይቅር። ሦስት ሰዎች ይምረጥ።

3ኛ፤ ይሉኝታን በጨዋ ቃል ያሸንፍ። በዚህ አገር ብዙ ነጋዴ የሚከስረው ገንዘቡን መጠየቅ ስለሚያፍር ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለዚህ ነው። ባለ ሱቁ ከሽማግሌው ደንበኛው ቤት ሄዶ፤ «ጋሼ፤ እንደምን ሰነበቱ? በመስከረም የወሰዱት ዕቃ 1,800 ብር ሆኗል። ሁሉንም ባይሆን እኩሌታውን ቢሰጡኝ ዕቃ ላመጣበት አስቤ ነው» ይላል። ሽማግሌውም፤ «ዝም ብትል ጊዜ የማትቸኩልበት መስሎኝ ነበር እኮ፤ ልጄ» ብለው 900 ብር ቈጥረው ይሰጡታል። ሁለተኛዋ ደንበኛ 1,200 ብር ዕዳቸውን ጨርሰው ይከፍላሉ። ሦስተኛው ግን «እንደ ሌባ ቈጠርኸኝ» ብሎ ተቈጥቶ ይሄዳል፤ ወደ ሌላ ሱቅም ይዛወራል። ባለ ሱቁ ሲፈራው የኖረው ነገር ይኸው ደረሰ። ነገር ግን የሄደው ቀድሞውንም የማይከፍል ደንበኛ ነው፤ በእጁ የገባውም 2,100 ብር ነው።

4ኛ፤ የሆነውን ይመዝግብ። ቀኑን፤ የጠየቀውን ሰው፤ የተገኘውን ገንዘብና የቀረውን ይጻፍ። በሚመጣው ሳምንት አራት ሰው ይጠይቅ፤ በሚቀጥለው ደግሞ የተኛውን ዕቃ በዋናው ዋጋም ቢሆን ሸጦ ፈጥኖ በሚሸጥ ዕቃ ይለውጠው። ድፍረት አስቀድሞ የሚመጣ ስሜት አይደለም፤ ከሥራ በኋላ የሚከማች ቁጠባ ነው። ዕቁብተኛ ዕጣው በአንድ ቀን እንደማይሞላ ሁሉ በራስ መተማመንም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጣለ ይሞላል። የልብ ድካም በመጣ ጊዜ ያለፈውን ገጽ ገልጦ ማንበብ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

5ኛ፤ ምሳሌ የሚሆነውን ሰው ከቅርብ ይፈልግ። የዶባ ገበሬዎችን ያነሣሣቸው የሩቅ አገር ባለጸጋ ታሪክ አይደለም፤ እንደ እነርሱ ያለ ሰው ታሪክ ነው። በዕቁቡ ወይም በዕድሩ ውስጥ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሄደ ነጋዴ ካለ፤ እንዴት እንደ ጀመረና በምን እንደ ወደቀ አክብሮ ይጠይቀው።

ይህ ደንብ ለላኪና ለአስመጪም አይለወጥም። የዓለም ገበያ ዋጋ በላኪው እጅ አይደለም፤ እህሉን ማበጠር፤ እርጥበቱንና ሚዛኑን መጠበቅ፤ በውሉ ቀን ማስረከብ ግን በእጁ ነው። የምንዛሪው ዋጋ በአስመጪው እጅ አይደለም፤ በብድር የሚያዝዘው ዕቃ መጠን ግን በእጁ ነው።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ

በራስ መተማመን ከልክ ሲያልፍ ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ ያደርጋል። «እኔ አልከስርም» ብሎ ያለውን ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ የጣለ ሰው ቀለበቱን ከሩቅ እንደ ወረወረው ነው። በእውነት የሚተማመን ነጋዴ «ቢሳሳት ምን ያህል እከስራለሁ?» ብሎ አስቀድሞ ያሰላል፤ ያንን ኪሳራ ሊሸከመው የሚችል ሲሆን ብቻ ይነሣል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በሌላው ሰው ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ ነው። ሱቁ የተቃጠለበትን ወይም ዕቃው በመንገድ የቀረበትን ነጋዴ «አስተሳሰብህ ስለ ደከመ ነው» ማለት ግፍ ነው። የእርሱ ጉዳት በመጀመሪያው ዓምድ የሚጻፍ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የሚገባው የጓደኛ እጅ፤ የዕድር ርዳታና የአበዳሪ ትዕግሥት ነው። በእጅ የሌለውንም ችግር ቢሆን ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን ሲያቀርቡት ለአንዱ ከአቅም በላይ የሆነው ለብዙዎቹ የሚቻል ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ለሁሉም ነጋዴ እኩል ይመጣል። ከመተኛቱ በፊት አንድ ገጽ ለሁለት ከፍሎ የጻፈ ሰው ሰኞ ጧት ሱቁን ሲከፍት ዓባይን አላጐደለም፤ ዋጋም አልመለሰም። ነገር ግን የትኛውን ሥራ አስቀድሞ እንደሚሠራ ያውቃል፤ ይህን ማወቁም ሥራውን በራሱ እጅ ለመያዙ የመጀመሪያው ምልክት ነው።