የመኪናው ማሞቂያ እምቢ ሲል

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ ጠዋቱ ይበርዳል። ወደ ዱራሜ በሚሄድ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ትንፋሻችን የፊት መስታወቱን ያጨልመዋል። ሾፌሩ መንገድ ላይ ያለውን ልጅና ከብት አያይም። መስታወቱን የሚያጠራው የማሞቂያው ነፋስ ነው። እሱ እምቢ ሲል ምን እንመርምር?

ጭራሽ ካልነፈሰ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ነው። መጀመሪያ ፊውዙን እንይ። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪክ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ነው። በቦታው ተራ ሽቦ የሚያስሩ አሉ፤ ይኸ መኪናን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው! ልኩን ፊውዝ እናስገባ፤ እንደገና ከተቃጠለ ባለሙያ ይየው።

ነፍሶ ካልሞቀ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ይሆናል። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አንንካ፤ የፈላው ውሃ ፊት ይልጣል።

በአንዳንድ መኪና ነፋሱን ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት የሚመራውን መዝጊያ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሞተሩ በቀጭን ቱቦ የሚስበው አየር ነው። በተሰነጠቀ መቃ ውሃ ቢስቡ ይመጣል እንዴ? ቱቦውም ሲሰነጠቅ እንዲሁ ነው፤ ማዞሪያውን ብናዞር ነፋሱ ካለበት አይነቃነቅም። ሞተሩ እየሠራ ጆሮ ስንሰጥ «ስስስ» የሚል ድምፅ ከሰማን የተሰነጠቀው እዚያ ነው፤ ቱቦውን መለወጥ ነው።