«ሜክ አፕ ፎር» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ አነጋገር

እንግሊዝኛ ለምንማር ተማሪዎች ከረጅሙ ቃል ይልቅ አጭሩ ያስቸግረናል። «ኮምፐንሴት» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ በመዝገበ ቃላት ካየነው ካሠ ማለት መሆኑን አንረሳውም። «ሜክ አፕ» ግን ሁለት ትንንሽ ቃላት ሆኖ ሳለ፥ ወሬ መፍጠር፥ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፥ ፊትን መኳኳል ይሆናል። ማካካስ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ «ፎር» የምትባለው ቃል ስትጨመርበት ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን ሳስታምም ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረሁ። ያመለጠኝን ከጓደኛዬ ደብተር ገልብጬ ካጠናሁ በኋላ ለመምህሬ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። የቀረሁበትን ምክንያት ገልጬ በመጨረሻ «አይ ሜድ ኢት አፕ» አልሁ፤ አካክሼዋለሁ ማለቴ ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡና «ታዲያ ከራስህ የፈጠርኸውን ለምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ። በአንዲት ቃል ጉድለት የእናቴ ሕመም ውሸት ሆኖ ዐረፈው! «አይ ሜድ አፕ ፎር ኢት» ማለት ነበረብኝ።

የስሕተታችን ምክንያት አማርኛችን ይመስለኛል። «የባከነውን ጊዜ አካካሰ» ስንል «ን» ብቻ ይበቃናል፤ እንግሊዝኛው ግን «ሜክ አፕ ፎር ሎስት ታይም» ይላል። ከ«ፎር» በኋላ ግሥ ቢመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ ይኸውም «ሂ ሜድ አፕ ፎር ሚሲንግ ዘ ክላስ» እንደ ማለት ነው። የጎደለ ገንዘብ ሲሞላ ግን «ሜክ አፕ ዘ ዲፈረንስ» ይባላል እንጂ «ፎር» አያስፈልግም።

የተበደለን ሰው መካስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። «አይ ዊል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ማለት እክስሃለሁ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኢት» በመካከል ትገባለች፤ ሰውዬውም በ«ቱ» ይጠራል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው መመሳሰል ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ዘንድ ካሣ የሰው ስም ጭምር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበር። ልጅ የሞተባት እናትም ሌላ ስትወልድ ካሣ ወይም ምትኩ ብላ ትጠራዋለች። እንግሊዞች ግን ስለ ሞት ሲናገሩ ይህን አነጋገር የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ አፍራሽ አድርገው ነው፤ «ናቲንግ ካን ሜክ አፕ ፎር ኢት» ይላሉ፤ ምንም ነገር አይክሰውም ማለት ነው።