ሰሃን ላነሳ ልጅ ዋጋ አይቆረጥለትም

ልጄ፣ ባለፈው «ልጆቼ አልጋ ሲያነጥፉ አምስት ብር፣ ጫማ ሲደረድሩ አምስት ብር ብሰጣቸው ምን ይመስልሻል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ትልቁ ዘጠኝ፣ ታናሿ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋልና ጥያቄሽ በጊዜው ነው። የሚመስለኝን እነሆ።

1. ለቤት ውስጥ ሥራ ገንዘብ አትክፈያቸው። ሰሃኑን የሚያነሳው የበላበት ስለሆነ፣ አልጋውን የሚያነጥፈው የተኛበት ስለሆነ ነው። አንዴ ዋጋ ከቆረጥሽለት እንግዳ ፊት «ውሃ አቀብለኝ» ስትዪው «ስንት ትሰጪኛለሽ?» ይልሻል፤ ጥፋቱም የሱ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የአሜሪካኖቹ የማርክ ሌፐርና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ለይተው ከፊሎቹን «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» አሏቸው፤ ሸለሟቸውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ልባቸው እንዲጫወቱ ሲለቋቸው፣ እነዚህ ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ መሸለም ካማረሽ ሳትነግሪያቸው ሸልሚ።

2. በእኛ ቤት የልጅ ዋጋው ምርቃት ነው፤ አትናቂው። እንግዳ ሲመጣ ልጆችሽ ያስታጥቡ። ታናሿ ሳፋውን ትያዝ፣ ወንድሟ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ያፍስስ። ከትልቁ ሰው ጀምሮ ሲዞር ልብ ብለሽ እዪው፤ ውሃው እንዳይረጭበት ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚያፈስሰው። አያቱ «እደግ፣ ተመንደግ» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። አንቺም ስታመሰግኚ ሥራውን ጠርተሽ አመስግኚ። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ «ምስሩን አንድ ጠጠር ሳታስቀሪ ለቀምሽልኝ» በያት።

3. ሠራተኛ አለች ብለሽ ልጆቹን አታስቀምጫቸው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ካልሲውን መሬት ጥሎ ትልቅ ሰው «አንሺልኝ» የሚል ልጅ እያየን ዝም እያልን ነው። የሷ ሥራ ቤቱን ማገዝ እንጂ ልጅሽን ማገልገል አይደለም። የየራሳቸውን ጫማ፣ ካልሲና ደብተር የሚያነሱት ራሳቸው ይሁኑ፤ ወንዱም እንደ ሴቷ ይጥረግ። የፈላ ውሃና የከሰል ምድጃ ብቻ አታስነኪያቸው።

4. የኪስ ገንዘብ ከሰጠሽ ከሥራው ለይተሽ ስጪ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ ቅዳሜ ካልሽ ቅዳሜ። ብስኩት ገዝቶ የሚተርፍ፣ ኳስ ለመግዛት ግን ጥቂት ሳምንት የሚያስጠብቅ ይሁን። ሰኞ ጨርሶ ቢመጣ አትጨምሪለት፤ ሲያጠፋም ለቅጣት ብለሽ አትከልክዪው። ባዶ ኪሱን ይዞ እስከ ቅዳሜ ሲቆይ ነው የሚማረው፤ እነዚያን ቀናት አትቀሚው።

5. ለቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብላ ያመጡት ብር የራሳቸው ነው፤ ከሰው ደጅ ዘፍነው ያገኙት ነውና። «ስጠኝ ላስቀምጥልህ» ተብሎ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረ የልጅ ገንዘብ ስንቱን አየሁ! ልጅ ዝም ቢል ረሳው ማለት አይደለም፤ ቀጥሎ ያገኘውን ይደብቅሻል። ደግሞ እኮ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ መጨረሻ ላይ ተቀምጠው ይካፈላሉ፤ ያዋቂ እጅ ሳይገባበት። እናም ካስቀመጥሽለት ፊቱ ቁጠሪው፣ መጠኑንም በደብተሩ ጽፎ ይያዘው። ለትልቁ ልጅሽ ባንክ ሄደሽ በስሙ የቁጠባ ሂሳብ ክፈቺለት፤ ገቢ ስታደርጊም ይዘሽው ሂጂ፣ ብሩን ለገንዘብ ተቀባዩ ራሱ ያቀብል።